ሦስተኛውን ፊርማ የሰረዙት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአናጺ አባታቸውና የተማሪ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአውቶቡስ ማደሪያው በስተጀርባ በነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አንደኛውን ክፍል የአባታቸው መላጊያና መጋዝ፣ ሁለተኛውን የእናታቸው የስፌት መኪና ይዞት ስለነበር አምስቱ ልጆች በተረፈው ቦታ አደጉ። እናታችን ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ።

የልደት ዘመናቸውን እንዲህ በእርግጠኝነት የጻፍነው እሳቸው ራሳቸው ስለመረጡት ነው። የትምህርት ቤት መዝገባቸው 1951 ሲል የቅጥር ፋይላቸው 1953 ይላል። ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ የጎረቤት ቤት በተቃጠለበት ዓመት ነው የተወለዱት ይላሉ፤ ያ ቤት መቼ እንደተቃጠለ የሚያስታውስ ግን አልተገኘም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልደት ሲመዘግቡ የኖሩት እናታችን የራሳቸውን ያስመዘገቡት በአርባ አራት ዓመታቸው ነው። የዚያ ወረቀት ነገር ወደ ኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ በሆነ ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር መምህራኑ የተማሪ ስም ዝርዝር ያስገለብጧቸው ነበር። አንድ ፊደል ካጠራጠራቸው ልጁን ከጨዋታ መሃል አስጠርተው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ይጠይቁታል። አንዱ ተበሳጭቶ "እንደፈለግሽ ጻፊው!" ቢላቸው "ስሙ ያንተ እንጂ የኔ አይደለም" ብለው መለሱለት ይባላል። ይህን ያወሩልን ራሳቸው ስለሆኑ ጥቂት ሳያሳምሩት አልቀሩም።

በ1969 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ለስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ትምህርት ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. በከተማው አስተዳደር በልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ ክፍል በጽሕፈት ሥራ ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸው ከዚያ ሕንፃ አልወጡም። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አራት መስኮትና አንድ የባለጉዳይ መጠበቂያ አዳራሽ አለው፤ በአዳራሹ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች አሉ። ከእነዚህ አንደኛው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም እዚያው ነው። አባታችን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የአባታቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ለመውሰድ መጥተው "ነገ ይመለሱ" ተባሉ፤ ሦስት ጊዜም ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ተደግፈው "የኔ እመቤት፣ ይህን ያህል ከተመላለስኩ እኮ ቤተሰብ ሆኛለሁ" አሏቸው። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1978 ዓ.ም. ዛሬ ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውን፣ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ርቆ ሄዶ ተምሮ የተመለሰውን ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. እናታችን የክፍል ኃላፊ በሆኑ በሰባተኛው ወር አንድ ጠና ያሉ ጫማ ሰሪ ወደ መስኮቱ መጡና ኮፍያቸውን አውልቀው "ሞቷል ብላችሁ የጻፋችሁት እኔን ነው። እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እናንተስ?" አሉ። በአንድ ሰፈር በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ነበሩና የአንደኛው ሞት በሌላኛው ላይ ተመዝግቦ ነበር። የመስኮቱ ሠራተኞች በሳቅ ፈረሱ። እናታችን አልሳቁም። ጫማ ሰሪውን ወደ ሕይወት መዝገብ ለመመለስ አራት ወር ፈጀባቸው። በዚያ አራት ወር ውስጥ ሰውየው በየቢሮው እየዞሩ መኖራቸውን ማስረዳት ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሦስተኛው ፊርማ የመጣው። ማንኛውም የምስክር ወረቀት በመስኮቱ ሠራተኛና በመዝገብ ያዡ ከተፈረመ በኋላ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ይገባል፤ እሳቸው አሮጌውን መዝገብ አውጥተው ያመሳክራሉ፣ በአረንጓዴ ብዕር ይፈርማሉ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነበር። ምስጋና ተጻፈላቸው፣ አሠራሩም መመሪያ ሆነ። በመሥሪያ ቤቱም "እትዬ አረንጓዴ" የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. በማታው ክፍለ ጊዜ በሥራ አመራር የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተማሩ። ወደ ቤት የሚመለሱት አባታችን በሚነዱት አውቶቡስ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ሲጽፉ ተሳፋሪው የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ይመስሉት ስለነበር በዚያ መስመር ትርፍ መጫን ቀረ ይባላል። አባታችን ግን ትርፍ ጭነው አያውቁምና ይህን ወሬ አይወዱትም ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የራሳቸውን ልደት አስመዘገቡ። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ተሰልፈው ቅጹን ሞሉ፣ በሁለት ሰው ተፈረመላቸው፣ ፋይሉም ለሦስተኛው ፊርማ ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ ገባ። እዚያም ስድስት ቀን ቆየ። ለምን እንዳልፈረሙበት ሲጠየቁ "ከበላዩ ስንት የሰው ፋይል አለ፤ የራሴን ላስቀድም እንዴ?" አሉ። ይህን ለዓመታት እንደ ጨዋነት ምሳሌ ስንተርከው ኖረናል። እሳቸው ግን በኋላ ከዚህ የተለየ ነገር አዩበት።

በ2004 ዓ.ም.፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የተከፈተውን የመንግሥት ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ ዓርብ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሆኖ ሁለት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ነበር። ወንድ ልጃቸው ያኔ ርቆ ይማር ነበርና በስልክ "እማዬ፣ ጡረታሽ ሰባት ዓመት ነው የቀረው፤ ዲግሪውን ምን ታደርጊበታለሽ?" አላቸው። "አንተስ ያንተን ምን እያደረግህበት ነው?" ሲሉ መለሱለት። ወዲያው አዝነውለት መሰለኝ፣ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። ወንበሮቹ የደብተር ማስቀመጫ ክንድ ያላቸው፣ ለወጣት ወገብ የተሠሩ ናቸው። የእናታችን የጥናት ቡድን ሦስት ሰው ነበር፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሬዲዮኑን ከወገቡ የማይፈታው የእሳት አደጋ ተረኛ አለቃና የቁልፍ ዘለላቸውን ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡ ማሰብ የማይችሉት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የመጀመሪያውን የቡድን አሳይመንት ሦስቱም በለመዱት መንገድ ሠሩት፤ ቀን፣ ቁጥር፣ "ጉዳዩ፦"፣ "ለሚመለከተው ሁሉ"፣ ከታችም ለአምስት ክፍሎች ግልባጭ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ማኅተም ሊያደርጉበት ሲሉ ነው እናታችን ያስቆሟቸው። መምህሩ ከእናታችን ሴት ልጅ የማይበልጥ ወጣት ነበርና ወረቀቱን ሲመልስላቸው ከላዩ ላይ "ደብዳቤያችሁ ደርሶናል። ሐሳባችሁ ግን አልደረሰንም" ብሎ ጽፎበት ነበር። እናታችን ያን ወረቀት እስከ መጨረሻው በመሳቢያቸው አቆይተውታል።

ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡት ርዕስ በራሳቸው ክፍል ባለጉዳይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። መዝገቡን አገላብጠው በስድስት ወር ውስጥ የወጡ ወረቀቶችን ቆጠሩ። ሠንጠረዡ ሲወጣ አንድ ፋይል መስኮቱ ላይ ሁለት ቀን፣ መዝገብ ያዡ ዘንድ ስድስት ቀን፣ ኃላፊዋ ዘንድ ዜሮ ቀን ይቆያል። በዚህ ውጤት ደስ ብሏቸው ነበር። መምህሩ ሠንጠረዡን አይቶ "እትዬ፣ ይህ ዜሮ ከየት መጣ?" አላቸው። ገቢ መዝገባቸውን አሳዩት። "መዝገቡ ላይ ቀኑ የሚጻፈው ፋይሉ ሲደርስ ነው ወይስ ሲፈረም?" አለ። ሲፈረም ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ እናታችን የሚፈርሙበትን ቀን ፋይሉ የደረሰበት ቀን አድርገው ሲመዘግቡ ኖረዋል። በመዝገብ ያደገ ሰው መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ነገር ያለ አይመስለውምና ፋይሎቹ ሳይፈረሙ በመደርደሪያቸው ላይ ያደሩባቸው ቀናት ጨርሰው አልታዩአቸውም።

ስለዚህ የሦስት ሳምንት የዓመት ዕረፍታቸውን ወስደው በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በራሳቸው መሥሪያ ቤት መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ደብተር ይዘው ተቀመጡ። የጥበቃ ሠራተኛው ተጨንቆ "እትዬ፣ ዕረፍት ላይ ነዎት አልተባለም?" ሲላቸው "እያረፍኩ ነው" አሉት።

የደብተሩ ገጾች ዛሬም አሉ። ባለጉዳዩ ሁሉ የተናገረው እንዳለ ተጽፏል። አንዱ በየቀኑ ሲመጣ አስቀድሞ "ለፊርማ ገብቷል በሉኝና ልሂድ" ይላል። አንዲት አሮጊት "እኔስ ወንበሩን ለመድኩት፣ ቤቴ እንዲህ አይመችም" ይላሉ። በዘጠነኛው ቀን አጠገባቸው የተቀመጠች አንዲት እናት የልጇን የክትባት ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። የልደት ወረቀቱ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ይፈለጋል፣ ምዝገባው ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል። "ሁለቱ ፈርመዋል። ሦስተኛዋ ሴትዮ ናት የያዘችው" አለቻቸው። "የት ሄዳ ነው?" ብለው ጠየቋት። "ምን አውቄ እናቴ፣ ዕረፍት ወጥታለች አሉኝ። እሷ ታርፋለች፣ እኛ እዚህ እንቀመጣለን።"

እናታችን ይህንንም ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ ነው የገባቸው። ሲወጡ በምትካቸው የሚፈርም ሰው አልወከሉም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ወክለውም አያውቁም። የመዘግየቱን ምክንያት ለማጥናት በተቀመጡባቸው ዘጠኝ ቀናት አንዲት ወረቀት ከክፍሉ አልወጣችም። ሴትዮዋ የምትጠብቀው ፊርማ ባለቤት ከጎኗ ተቀምጠው ብዕር ይዘው ነበር።

ተነሡ። በሠራተኛ በር ገብተው ከመደርደሪያው ያን ፋይል ፈልገው አወጡ፣ መዝገቡን አመሳከሩ፣ ፈረሙና ራሳቸው ይዘውላት ወጡ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች። ምን እንዳለቻቸው ብዙ ጊዜ ጠይቀናቸው አልነገሩንም። ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን ከዚህ በኋላ የተጻፈ የለም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ወራት በሕይወታቸው ከባዱ ጊዜ ነበር። አራተኛውን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ ቀደዱት። እውነቱን ቢጽፉ ሃያ ዓመት የተመሰገኑበት ሥራ ባለጉዳይ ያጉላላ ሥራ ሊባል ነው፤ ፊርማው ከቀረ ደግሞ የኃላፊነት ቦታቸውም አብሮ ሊቀር ነው። ከሁሉ የሚያስፈራቸው ግን ጫማ ሰሪው ነበሩ። ሌላ ሰው በቁሙ ቢሞትስ? የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ "ራስዎን ሊከሱ ነው እንዴ?" አሏቸው። የእሳት አደጋው አለቃ "የክፍሉ አሠራር ብለሽ ጻፊው እትዬ፣ አሠራር አይታሰርም" ብሎ መከራቸው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፋቸውን ሲያንቀጫቅጩ ቆዩ፤ በሳምንቱ ቅዳሜ ግን የራሳቸውን ጽሑፍ ርዕስ ቀየሩ።

እናታችን ፍርሃታቸውን ለመመርመር ወደ መዝገቡ ተመለሱ። ሦስተኛው ፊርማ በሃያ ዓመት ውስጥ ያስቀረውን ስህተት ሁሉ አንድ በአንድ ሲፈልጉ ሠላሳ አንድ አገኙ። ሃያ ሰባቱ የስም ፊደል ስህተቶች ነበሩ፤ ባለስሙ አጠገብ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ የሚታረሙ። አራቱ ግን የጫማ ሰሪው ዓይነት ነበሩ። እናታችን እነዚህን አራቱን አላቃለሏቸውም፤ በሁለት ገጽ ጽፈዋቸዋል። ከዚያ ያቀረቡት ሐሳብ ማመሳከሩ እንዳይቀር፣ ነገር ግን ከጓዳ ወጥቶ ወደ መጀመሪያው መስኮት እንዲመጣ፣ አሮጌው መዝገብም በባለጉዳዩ ፊት ተከፍቶ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲያየው ነው። ምዕራፉን አራተኛ ጊዜ ሲጽፉት "የክፍሉ ኃላፊ" የሚለውን ሰርዘው "የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ" ብለው አስገቡ።

በ2006 ዓ.ም. ጽሑፋቸውን ሲከላከሉ አንደኛው ፈታኝ ራሷን ያጠናች ተመራማሪ እንዴት ትታመናለች ብለው ጠየቁ። "አይመኑኝ። ወንበሩ እዚያው አለ፣ ሄደው ይቀመጡ" አሉ። ቤተሰቡ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ እያለ ሲናገር ይሰማል። ይህን የሚጽፈው ልጃቸው ትራንስክሪፕቱን አይቷል፤ ውጤቱ "ጥሩ" ነው የሚለው። ማጣቀሻ አጻጻፍ ላይ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ሲነበብ ቢሰሙ ይህ እንዳይቀር የሚፈልጉ ስለሆኑ አልቀረም።

ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን የተቀበሉት "ለሦስት ወር ይሞከር፤ አንድ ሰው በስህተት ቢሞት ግን እርስዎን ነው የምጠይቀው" ብለው ነው። እናታችን ከኃላፊነት ክፍላቸው ወጥተው በራሳቸው ጥያቄ የመጀመሪያው መስኮት ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ወር የመንታ ልጆች ስም ተለዋውጦ ሊጻፍ ሲል መዝገቡ ፊት ለፊቱ ተከፍቶ የነበረ አባት "ኧረ እትዬ፣ ይቺ ቀድማ ነው የወጣችው!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፣ በዚህ ጊዜ እናታችንም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስህተት አልተፈጠረም ብለን መናገር አንችልም፤ የማናውቀው ይኖራል። በመደርደሪያው ላይ የሚያድርባቸው አሥራ አንድ ቀናት ተደምረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ይፈጅ የነበረው ወረቀት ግን በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ማንም ሄዶ ማየት ይችላል።

በ2009 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። በ2011 ዓ.ም. ከመስኮታቸው ጡረታ ወጡ፤ አረንጓዴ ብዕራቸውንም መስኮቱ ላይ ሥራ ላስተማሯት ባልደረባቸው ትተውላት ሄዱ። ወጣቱ መምህር በየዓመቱ አዲስ የገቡ ተማሪዎቹን ወደ ቤታቸው ይልክ ነበር። ሁሉም የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሁሉም አለቆች ናቸው። እናታችን ሻይ አቅርበው "የመጀመሪያው አሳይመንታችሁ በየራሳችሁ ቢሮ የባለጉዳይ ወንበር ላይ አንድ ቀን መቀመጥ ነው። መታወቂያ ደብቁ፣ ምሳ ያዙ" ይሏቸዋል። የተናደደም፣ አመስግኖ የጻፈም አለ። አራት የልጅ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጠሩት፣ ከሁለቱ የትምህርት ጓደኞቻቸው ጋር በየቅዳሜው ሲጨዋወቱ የዋሉትም በእነዚህ ዓመታት ነው። ደስ ብሏቸው ኖሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ ሰዓታቸውን አይተው ማስታወሻ ይይዙ ስለነበር ነርስ ልጃቸው "እማዬ፣ እዚህ እኮ ታማሚ ነሽ" ስትላቸው "ባለጉዳይ ነኝ" ይሏት ነበር። ረቡዕ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሳለች፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ታላቅ ወንድማቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ወረቀት ያስፈልጋልና ልጃቸው ሐሙስ ጠዋት ወደ ምዝገባ ክፍሉ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሞቀው ተጠራ። የመስኮቱ ሠራተኛ እናታችን ሥራ ያስተማሯትና ብዕራቸውን የተዉላት ናት። አሮጌውን መዝገብ በፊቱ ከፍታ "ስማቸው እንዲህ ነው? የተወለዱበት ዓመት እንዲህ ነው? ራስህ እየው" አለችው። አየ። ዓመቱ እሳቸው የመረጡት ነው። እሷ ፈረመች፣ መዝገብ ያዡ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። አሮጌው ቅጽ ገና አላለቀም፤ ከታች ለሦስተኛ ፊርማ የተተወው መስመር በማስመሪያ በአረንጓዴ ቀለም ተሰርዟል። ጠቅላላው አርባ ደቂቃ ነበር።

እኛ ግን ለወረቀቱ ሦስት ቀን መድበን ነበር፤ ቀብሩንም ለቅዳሜ የቀጠርነው ለዚሁ ነው። የሕይወት ታሪካቸው የተጻፈው በተረፈን ጊዜ ነው።

ሰውን ሳያስጠብቁ የሄዱትን እናታችንን አምላክ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን። ነፍሳቸው በዕረፍት ትኑር።